ሴትልመንት ከመፈረማችሁ በፊት፦ ዲስኤቢሊቲ ለምትወስዱ

በሥራ ቦታ ትንኮሳ ከአሠሪው ጋር ተሟግቶ በስምምነት (በሴትልመንት) የጨረሰ ሰው ቼኩ እጁ ሲገባ «ተገላገልኩ» ይላል። እዚህ አሜሪካ ዲስኤቢሊቲ፣ ማለትም በሕመም ወይም በአካል ጉዳት መሥራት ላልቻለ ሰው መንግሥት የሚሰጠውን ወርሃዊ ክፍያ፣ የምንወስድ ሰዎች ግን ሌላው ራስ ምታት የሚጀምረን ያኔ ነው፤ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ክፍያውን ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ከሶሻል ሴኩሪቲ፣ ደብዳቤ ይመጣል። በዚህ መንገድ ካለፉት አንዱ ነኝ። የራሴን ዝርዝር ትቼ፣ አስቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ብዙ የሚያድነውን ብቻ በቅደም ተከተሉ ላስቀምጠው። ትልልቆቹ ስሕተቶች የሚሠሩት ከፊርማው በፊት ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። በዚያ ሰሞን ሁላችንም የምንጠይቀው «ስንት ሰጡ?» ብቻ ነው። ገንዘቡ በወረቀት ላይ ምን ተብሎ እንደተጠራና በየትኛው ወር እንደሚገባ የሚጠይቅ የለም፤ ክፍያችሁን የሚነካው ግን ይኸው ነው።

መጀመሪያ የምትወስዱት የትኛውን እንደሆነ ለዩ። በእኛ ቋንቋ ሁሉም «ዲስኤቢሊቲ» ነው፤ በሕጉ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኤስ ኤስ ዲ አይ ስትሠሩ ከደመወዛችሁ በተቆረጠው የሶሻል ሴኩሪቲ ታክስ የተገዛ መድን ነው፤ ባንክ ውስጥ ያላችሁን አይጠይቅም። ኤስ ኤስ አይ ለችግረኛ የሚሰጥ ድጎማ ነው፤ ያላችሁ ጥሪት ለብቻችሁ ከሆናችሁ ከ2,000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት ከ3,000 ዶላር ማለፍ የለበትም። ይህ ጣሪያ ከ1989 ወዲህ ከፍ ብሎ አያውቅም (ወሮቹንና ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው)። ካላወቃችሁት ገንዘቡ የሚገባበትን ቀን እዩ። ኤስ ኤስ አይ ወር በገባ በ1 ነው። ኤስ ኤስ ዲ አይ እንደ ልደት ቀናችሁ በወሩ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ረቡዕ ይገባል፤ ሁለቱንም ለሚወስድ ሰው ደግሞ በ3። ጠበቃችሁ የሥራ ሕግ እንጂ የሶሻል ሴኩሪቲ ሰው ላይሆን ስለሚችል፣ ይህን በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ንገሩት። ብዙዎቹ ካልተነገራቸው አይጠይቁም።

ኤስ ኤስ ዲ አይ ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ለስሜት ጉዳት፣ ለውርደትና ለጭንቀት የተሰጠ ካሳ ምንም ያህል ቢሆን ወርሃዊ ክፍያችሁን አይቀንሰውም። ችግር የሚመጣው በሁለት በር ነው።

አንደኛው ወርከርስ ኮምፕ ነው፤ በሥራ ምክንያት ለመጣ ጉዳት ወይም ሕመም የሚከፍለው የአሠሪው መድን ማለት ነው። ትንኮሳው አሳምሟችሁ የወርከርስ ኮምፕ ጥያቄም ካቀረባችሁ፣ አሠሪው ብዙ ጊዜ «ሁሉንም በአንድ እንዝጋው» ይላል። ይህን ስትሰሙ ቆም በሉ። ወርከርስ ኮምፕና ኤስ ኤስ ዲ አይ ተደምረው ከመታመማችሁ በፊት ታገኙት ከነበረው አማካይ ገቢ 80 በመቶ ካለፉ፣ ትርፉ ከኤስ ኤስ ዲ አዩ ላይ ይቀነሳል (በጥቂት ስቴቶች የሚቀንሰው ወርከርስ ኮምፑ ነው)። በወር 4,000 ዶላር ታገኙ ነበር እንበል፤ 80 በመቶው 3,200 ነው። ኤስ ኤስ ዲ አይ 1,700፣ ወርከርስ ኮምፕ 2,000 ሲደመሩ 3,700 ይሆናሉ፤ በየወሩ 500 ዶላር ይቆረጣል። አሁን ወርከርስ ኮምፑን በ48,000 ዶላር ጥቅል ዘጋችሁት። ሰነዱ ስለ አከፋፈሉ ምንም ካላለ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ገንዘቡን ቀድሞ ይከፈላችሁ በነበረው በወር 2,000 ሒሳብ ሊበትነውና ለ24 ወራት 500 ሊቆርጥ ይችላል፤ 12,000 ዶላር ሄደ ማለት ነው። ሰነዱ ላይ «ይህ ገንዘብ ለሠራተኛው ቀሪ ዕድሜ ለ30 ዓመት የሚሆን ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢኖር ግን፣ 48,000 ለ360 ወራት ሲካፈል በወር 133 ዶላር ግድም ነው፤ ከ1,700ው ጋር ተደምሮ ጣሪያውን አይነካም፣ የሚቆረጥ የለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው! የወርከርስ ኮምፕ ጠበቆች ይህን ጽሑፍ በቃላቸው ያውቁታል፤ የትንኮሳ ጉዳይ የያዘው ጠበቃ ግን ላያውቀው ይችላል። የጠበቃና የሕክምና ወጪውም ተለይቶ ይጻፍ፤ ከስሌቱ ይወጣል። ከሁሉ የሚሻለው ሁለቱን ጉዳዮች በሁለት የተለያዩ ስምምነቶች መዝጋት ነው።

ሁለተኛው በር ውዝፍ ደመወዝ ነው። አሠሪው ከገንዘቡ የተወሰነውን እንደ ደመወዝ ከከፈለ፣ ታክስ ቆርጦ ደብሊው-2 (የዓመቱን ደመወዝ የሚያሳየውን የታክስ ቅጽ) ይልካል። የሶሻል ሴኩሪቲ ኮምፒውተር ደብሊው-2 ሲያይ «ይሄ ሰው ሥራ ጀመረ» ነው የሚለው። ከዚያ ኤስ ኤስ ኤ-821 የሚባል የሥራ ሁኔታ መጠየቂያ ቅጽ በፖስታ ይመጣል። አትደንግጡ፣ ግን መልሱን አታዘግዩ። በ2026 «እየሠራ ነው» የሚያሰኘው ወሰን፣ ዓይነ ስውር ላልሆነ ሰው፣ በወር 1,690 ዶላር ነው፤ የሚታየውም ሥራው የተሠራበት ወር እንጂ ገንዘቡ የተከፈለበት ወር አይደለም። በዚያ ጊዜ ምንም እንዳልሠራችሁ፣ ገንዘቡ የየትኛው ጊዜ ውዝፍ እንደሆነ ጽፋችሁ ጊዜው የተጠቀሰበትን የስምምነቱን ገጽ ኮፒ አያይዙ። ሰነዱ ላይ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» የሚል ካልተጻፈ የምታያይዙት አይኖራችሁም። ስምምነቱን ፍርድ ቤት ወይም መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ካጸደቀው፣ አሠሪው ውዝፉን ለየዓመቱ ከፋፍሎ ለሶሻል ሴኩሪቲ እንዲያሳውቅ መጠየቅም ይቻላል። የገቢ መዝገባችሁ ላይ ክፍተት የነበረበት ዓመት ይሞላል።

ውዝፍ ደመወዝ ሌላም ጣጣ አለው። ለዲስኤቢሊቲ ስታመለክቱ «መሥራት አልችልም» ብላችኋል፤ ውዝፍ ደመወዝ ስትጠይቁ ደግሞ «ባያባርሩኝ እሠራ ነበር» እያላችሁ ነው። የአሠሪው ጠበቃ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ያነብባችኋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 ክሊቭላንድ በሚባለው መዝገብ ሁለቱ ጥያቄዎች በራሳቸው እንደማይጣረሱ ወስኗል፤ አመልካቹ ግን አሳማኝ ማብራሪያ መስጠት አለበት። ማብራሪያው ብዙ ጊዜ ቀን ነው፦ እስከዚህ ቀን እሠራ ነበር፣ ከዚህ ቀን ወዲህ ትንኮሳው ባመጣው ሕመም አልቻልኩም። ስለዚህ ለሶሻል ሴኩሪቲ የሰጣችሁት የሕመሙ መነሻ ቀን፣ በአቤቱታው የጻፋችሁትና ሐኪማችሁ የመዘገበው አንድ መሆናቸውን ከድርድሩ በፊት አረጋግጡ። በረቂቁ ውስጥ «ሠራተኛው በዚህ ጊዜ ሁሉ ለሥራ ብቁና ዝግጁ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ካገኛችሁ እንዲሰረዝ ጠይቁ። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ተራ ማሟያ መስሎ ሰባተኛ ገጽ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ረቂቁ እጃችሁ ሲገባ ሌሎች ሁለት ነገሮችም እዩ። ገንዘቡ በክፍል በክፍል መሰየም አለበት፦ ይህን ያህል ውዝፍ ደመወዝ፣ ይህን ያህል ለስሜት ጉዳት፣ ይህን ያህል ለሕክምና፣ ይህን ያህል ለጠበቃ። በጥቅል «ለሁሉም ጥያቄ» ተብሎ ከተጻፈ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ለራሱ በሚመቸው ይተረጉመዋል። ክፍፍሉ ግን ከአቤቱታው ጋር ይግጠም፤ አቤቱታው ላይ ያልነበረ የአካል ጉዳት ስምምነቱ ላይ ድንገት ቢወለድ አይ አር ኤስ (የፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) አይቀበለውም። ሌላው የምስጢር አንቀጹ ነው። «የስምምነቱን መጠንና ይዘት ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ፈርማችሁ ለሶሻል ሴኩሪቲ የማሳወቅ ግዴታ ሲመጣ መሐል ትቆማላችሁ። ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ ለመንግሥት የሕክምና መድኖቹ ለሜዲኬርና ለሜዲኬይድ፣ ለታክስ መሥሪያ ቤቶችና ለታክስ ሠራተኛችሁ መናገር እንደሚቻል በግልጽ ይጻፍ። አሠሪዎች በዚህ አይከራከሩም፤ መጠየቅ ብቻ ነው።

ወደ ኤስ ኤስ አይ ልምጣ፤ ሰው በብዛት የሚጎዳው እዚህ ነው። በኤስ ኤስ አይ ሒሳብ የስሜት ጉዳት ካሳ በገባበት ወር ገቢ ነው፤ ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ጀምሮ የተረፈው ደግሞ ጥሪት ይሆናል። የሚቆጠረውም ወሩ በገባ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ያላችሁ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ማለት ነው። 50,000 ዶላር ተስማማችሁ እንበል። ጠበቃው 40 በመቶ፣ ማለትም 20,000፣ ከዚያ 1,500 የመዝገብና የምስክር ወጪ ወሰደ። ገቢውን ለማግኘት የወጣ የጠበቃ ወጪ ከሒሳቡ ስለሚወጣ እንደ ገቢ የሚታየው 28,500ው ነው። የዚያ ወር ኤስ ኤስ አይ (በ2026 ፌዴራሉ ለአንድ ሰው 994 ዶላር ነው) በማንኛውም መንገድ ቀርቷል፤ በሱ አትብሰልሰሉ። ጥያቄው ቀጣዩ ወር ነው። ገንዘቡ ጥቅምት 29 ከገባ እስከ ኅዳር 1 ያላችሁ ሦስት ቀን ነው። ኅዳር 2 ቢገባ ግን እስከ ወሩ ማብቂያ አራት ሳምንት ሙሉ ታገኛላችሁ። ያው ገንዘብ፣ የአራት ቀን ልዩነት! ስምምነቶች ብዙ ጊዜ «ከፊርማው በ30 ቀን ውስጥ ይከፈላል» ነው የሚሉት። «ከወሩ 2 እስከ 5 ባለው ይከፈላል» ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቁ። ገንዘቡ በጠበቃው አካውንት ተቀምጦ «እኔ ዘንድ አልደረሰም» ማለት ግን አያስኬድም፤ ጠበቃው የተቀበለው ለእናንተ ስለሆነ የእናንተ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል።

በእነዚያ ሳምንታት ጥሪት ሆኖ በማይቆጠር ነገር ላይ ማውጣት ትችላላችሁ። የምትኖሩበት ቤት አይቆጠርም፤ ዕዳው ይከፈል፣ ጣሪያው ይታደስ። አንድ መኪና አይቆጠርም። የቤት ዕቃ፣ የጥርስ ሕክምና፣ የክሬዲት ካርድ ዕዳ፣ አስቀድሞ የተከፈለ የመቃብር ቦታ ሁሉም ይሆናሉ። ደረሰኙን ሁሉ በአንድ ፖስታ ያዙ፤ ቢሮው የሚያምነው ደረሰኝ ነው። የማይሆነው ስጦታ ነው። ይህን ለኛ ሰው መናገር ከባድ ነው፤ ገንዘብ ሲገኝ መጀመሪያ የሚታሰበው እናት ነች፣ ወንድም ነው፣ አገር ቤት ያለ የታመመ ዘመድ ነው። ኤስ ኤስ አይ ግን በምላሹ ዋጋ ያልተገኘበትን ዝውውር እስከ 36 ወራት ወደኋላ ያያል፤ ቅጣቱም የተሰጠው ገንዘብ ለወርሃዊው ክፍያ ተካፍሎ ነው የሚሰላው። 9,940 ዶላር አገር ቤት የላከ ሰው በ994 ሲካፈል 10 ወር ያለ ክፍያ ሊቆይ ይችላል፤ ጣሪያው 36 ወር ነው። ከዘመድ የተበደራችሁትን መመለስ ግን ስጦታ አይደለም፤ ይህን የሚያሳይ ቀንና ፊርማ ያለበት ወረቀትና ገንዘቡ ያኔ ወደ እናንተ ሲገባ የሚያሳይ የባንክ ማስረጃ ሊኖር ይገባል። አሁን ተጽፎ የቀድሞ ቀን የሚለጠፍበት ወረቀት ማጭበርበር ነው፤ ወደዚያ አትሂዱ።

ገንዘቡ በአንድ ወር ለማውጣት የሚበዛ ከሆነ ሁለት መጠለያ አለ። አንዱ ለአካል ጉዳተኛ የሚቋቋም ልዩ ትረስት ነው፤ ገንዘባችሁን ሌላ ሰው በአደራ ይዞ ለእናንተ የሚያወጣበት ሕጋዊ መንገድ ነው። ዕድሜያችሁ ከ65 በታች መሆን አለበት፤ ስትሞቱ የቀረው ገንዘብ ሜዲኬይድ ላወጣላችሁ ወጪ መጀመሪያ ለስቴቱ ይመለሳል። ለአነስተኛ ገንዘብ ደግሞ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች የሚያስተዳድሩት የጋራ ትረስት ይቀላል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ ትረስቱ ቀድሞ ይቋቋም፣ ስምምነቱም ገንዘቡ በማይሻር መንገድ ለትረስቱ እንዲከፈል ይዘዝ። መጀመሪያ በስማችሁ ቼክ ተቀብላችሁ ከዚያ ካስገባችሁት የዚያ ወር ገቢ ከመሆን አያድናችሁም። ትረስቱ ለስልክ፣ ለትምህርት፣ ለዕቃ በቀጥታ ቢከፍል ክፍያችሁን አይነካም፤ ከመስከረም 30 ቀን 2024 ጀምሮ ምግብም አይቆጠርም። ኪራይ ቢከፍል ግን (በ2026) በወር እስከ 351 ዶላር ገደማ ይቀንሳል፤ ጥሬ ገንዘብ በእጃችሁ ቢሰጣችሁ ዶላር በዶላር ይቆረጣል። ሌላው ኤብል የሚባለው የቁጠባ አካውንት ነው። እስከ 2025 መጨረሻ አካል ጉዳቱ ከ26 ዓመት በፊት ለጀመረው ብቻ ነበር፤ ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከ46 ዓመት በፊት ለጀመረው ሁሉ ተከፍቷል። እስከ 100,000 ዶላር የሚደርስ ተቀማጭ በኤስ ኤስ አይ አይቆጠርም፤ በዓመት የሚገባበት ግን ወሰን ስላለው ትልቅ ሴትልመንት በአንዴ አይውጠውም።

ገንዘቡን ለሶሻል ሴኩሪቲ የምታሳውቁት ከገባበት ወር ቀጥሎ ባለው ወር እስከ 10ኛው ቀን ነው። ከዘገየ ቅጣቱ 25፣ ሲደጋገም 50፣ ከዚያ 100 ዶላር ነው፤ ዋናው ጉዳት ግን በትርፍ የተከፈላችሁ እየተጠራቀመ መሄዱ ነው። በስልክ ነግሮ መተው አይበቃም። በጽሑፍ ስጡና በማኅተም የተመታ ደረሰኝ ተቀበሉ። ኤስ ኤስ አዩ ከ12 ተከታታይ ወራት በላይ ከተቋረጠ እንደ አዲስ ማመልከት ነው፤ ከዚያ በፊት ጥሪታችሁ ከ2,000 በታች ከወረደ ያለ አዲስ ማመልከቻ ይመለሳል። ሜዲኬይድ ብዙ ቦታ ከኤስ ኤስ አይ ጋር አብሮ ስለሚሄድ፣ መድኃኒታችሁን በዚያ የምትገዙ ከሆነ የሚያልቅበትን ቀን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ታክሱ በሚቀጥለው ዓመት ይመጣል። ለስሜት ጉዳት የተሰጠ ካሳ ከአካል ጉዳት ያልመነጨ ከሆነ ታክስ ይከፈልበታል፤ ለዚያው ጭንቀት ሕክምና ያወጣችሁትን የሚተካው ክፍል ግን ባብዛኛው ነፃ ነው። ሰው የማይጠብቀው ግን ይህ ነው፦ ኤስ ኤስ ዲ አይ ራሱ ታክስ ያመጣል። ሌላው ገቢያችሁና የኤስ ኤስ ዲ አዩ ግማሽ ተደምረው ላላገባ ሰው ከ25,000፣ ለባልና ሚስት በጋራ ከ32,000 ዶላር ሲያልፉ የኤስ ኤስ ዲ አዩ የተወሰነ ክፍል ይታከሳል፤ ከ34,000 ወይም ከ44,000 በላይ ሲሆን እስከ 85 በመቶው። ለዓመታት ታክስ ያልከፈለ ሰው ሴትልመንት በተቀበለበት ዓመት ይደነግጣል። የጠበቃው ድርሻም በእናንተ ስም እንደ ገቢ ይመዘገባል፤ በመድልዎና በትንኮሳ ጉዳዮች ግን ያንን ከገቢው ላይ ማንሳት ይቻላል፤ የታክስ ሠራተኛው ይህን መስመር ከረሳው ያልበላችሁትን 20,000 ዶላር ትታከሱበታላችሁ። ሜዲኬር ያላችሁ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ተጠንቀቁ፤ የ2026 የሜዲኬር ወርሃዊ ክፍያ የሚጨምረው የ2024 ገቢው ከ109,000 ዶላር በላይ በሆነ ላላገባ ሰው ላይ ነው።

ሜዲኬር ለሥነ ልቦና ሕክምናችሁ ከፍሎ ከነበረና ስምምነቱ የሕክምና ጥያቄያችሁንም የሚዘጋ ከሆነ፣ የከፈለውን መልሱልኝ ሊል ይችላል። ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን 60 ቀን ካለፈ ወለድ ይጨመርበታል። ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃው የሜዲኬርን ሒሳብ ይጠይቅ፤ የሚፈለገው ገንዘብ በአካውንቱ ተይዞ ይቆይ። በአሠሪያችሁ በኩል የግል የረጅም ጊዜ የዲስኤቢሊቲ መድን ካላችሁም ውሉን አውጡና «ሌላ ገቢ» የሚለውን አንቀጽ አንብቡ። አንዳንዶቹ የደመወዝ ምትክ ተብሎ የተከፈለን ሁሉ ይቀንሳሉ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም «በትርፍ ተከፍሏችኋል» የሚል ደብዳቤ ሊመጣ ይችላል። ፖስታውን ሳትከፍቱ አታስቀምጡት፤ ቀኑ መቆጠር ጀምሯል። ስሌቱ ስሕተት ነው የምትሉ ከሆነ ኤስ ኤስ ኤ-561 የሚባለውን ቅጽ ሞልታችሁ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ትጠይቃላችሁ። ስሌቱ ልክ ሆኖ ጥፋቱ የእናንተ ካልሆነና መክፈል ካልቻላችሁ ይቅርታ የሚጠየቀው በኤስ ኤስ ኤ-632 ነው። ኤስ ኤስ አዩ ሊቀነስ ወይም ሊቋረጥ ነው የሚል ደብዳቤ ከሆነ ግን በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ያለ ሰው ውሳኔው እስኪመጣ እንደ ቀድሞው ይከፈለዋል (ከተረታ ይመልሳል)። አንድ ላይ የሚቀመጡት ሰነዶች እነዚህ ናቸው፦ የተፈረመው ስምምነት፣ የጠበቃው የሒሳብ ክፍፍል፣ ገንዘቡ የገባበትን ቀን የሚያሳየው የባንክ ወረቀት፣ የዚያ ወርና የቀጣዩ ወር ደረሰኞች፣ ማኅተም ያረፈበት የማሳወቂያ ኮፒ። ጥያቄው ከሦስት ዓመት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል ቤት ስትቀይሩ አብሯችሁ ይሂድ።